አረፋ የበዛበት ሳሙና

እንጅባራ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለይመኙሽ፣ ዱባይ፤

እንደምን ከርመሻል፣ እህት ዓለም? ኔትወርክ ከጠፋ ስለ ሰነበተ ይህን ወደዚያ ለምትመለሰው ለሙሉነሽ ሰጥቻታለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የምጽፍልሽ ከዳንግላ አይደለም። ሱቁን ዘግቼ፣ ልጅሽን ብሥራትን ይዤ እንጅባራ ሐኪም ቤት ነኝ።

ለገና የላክሽው ሮዝ ፈሳሽ የገላ ሳሙና ደርሶን ነበር። ልጅቱ «እማዬ እማዬ ይሸታል» ብላ ያለ እሱ አልታጠብም አለች። ሳፋው ውስጥ አረፋው ደረቷ ድረስ ይሞላል፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተዘፍዝፋ ትጫወታለች። ታውቂኛለሽ፣ ለሱቅ ሳሙና ስገዛ መዳፌ ላይ አሽቼ አረፋውን አይቼ ነው። አረፋው ሲበዛ ጥሩ ዕቃ ነው ብዬ ጨመር አደረግሁላት።

ከዚያ ሽንት ቤት መሄድ ጠላች። እግሯን አቆላልፋ ትቆማለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። ያን ቦታ መጥራት ነውር ነው ብለን ያስተማርናት እኛው ነን። ጎረቤታችን እትየ ደጊቱ አዩዋትና፣

«ፀሐይ ላይ ሸንታ ምች መቷታል። የምትጠጣውን ውሃ ቀንሽላት፤ ታችዋን በደንብ እጠቢያት» አሉኝ።

«እትየ፣ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆኑ?»

«አንቺስ ሳሙና ስለሸጥሽ ነው?»

ተሳሳቅን። ውሃውን ቀነስሁ፤ በዚያው ሳሙና ማጠቡን አበዛሁ።

ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣት በሚኒባስ ይዣት መጣሁ። ሐኪሙ ስለ አስተጣጠቧ ጠይቆኝ ነገርሁት።

«አረፋው ያን ቦታ ይቆጠቁጣታል። ሲቆጠቁጣት ሽንቷን ትይዛለች፤ ውሃ ደግሞ ቀነሳችሁባት። ሽንቷ ተመርዞ ወደ ላይ ወጥቷል» አለኝ።

«ወደ ላይ ማለት?»

«ወደ ኩላሊቷ።»

መርፌ ጀመሩላት። ትኩሳቱ በረደና ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ዓይኗ ሥር አብጦ አገኘሁት፤ ከእንቅልፍ ነው ብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን አይቷት ወደ ባሕር ዳር የሚወስዳት መኪና እንዲፈለግ አዘዘ። «ለምርመራ ብቻ ነው» አለኝ። ሐኪም «ብቻ» ሲል አልወድም።

ከነገ ወዲያ ለጊዮርጊስ በዓል የአገው ፈረሰኞች ይወጣሉ። ትናንት «አክስቴ፣ በመስኮት ታሳዪኛለሽ?» ስትል ውላ ነበር። ዛሬ አልጠየቀችኝም።

ሳሙናውን አንቺ ወደሽ ላክሽ፣ እኔ ወድጄ አጠብኋት፤ ማን አጠፋ እያልሽ ጊዜ እንዳታባክኚ። ፓስፖርትሽ አሠሪሽ ጋ ከሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያት። እምቢ ካለችሽ ለምኛት፤ አልቅሽባት። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ተይው። አሁን ነይ።

ልጅሽ ደህና ናት። አንቺ ግን ነይ።

ማርያም መንገድሽን ታቅናልሽ። ካንቺ ቀድማም ትድረስላት።

እህትሽ ስሜነሽ