ያልነበራት ፕሮቲን

ጥቅምት 7
ባዮሎጂ 19 ከ20 አገኘሁ። ድንቢጥ ብትኖር "ፕሮፌሰሩ፣ አንዷን ለማን ተውካት?" ትለኝ ነበር። እህቴ ከሞተች ሦስት ሳምንት። እማ የድንቢጥ አልጋ ላይ የታጠበ ልብስ ትከምራለች። እንዴት አስቻላት?

ጥቅምት 9
ቲቸር ዛሬ ስለ ኮምፕሊመንት አስተማረ። ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ገሚሱ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል፣ ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል። የመጨረሻዎቹ ተያይዘው ባክቴሪያውን ይበሱታል።
"አንዷ ብትጎድልስ?" አልኩት።
"አንዳንዱን ሰው ማጅራት ገትር ይደጋግመዋል። በዘር የሚመጣ ነው።"
ይደጋግመዋል... ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ጥቅምት 10
ድንቢጥን ማጅራት ገትር ከሦስት ዓመት በፊት ይዟት ድና ነበር። ያኔ አንዲት ነርስ "አንዴ የያዘው አይደግመውም" አለች። እማም አመነች። መስከረም ላይ ድንቢጥ አንገቴን አመመኝ ስትል፣ እማ "እሱማ ለቆሻል። ጉንፋን ነው፣ ተኚ" አለቻት።
እኔስ? ሰምቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ጥቅምት 12
"ለምን ደሟ አልተመረመረም?" አልኳት እማን።
"ማን ነግሮኝ?" ሳህን ማጠቧን አላቆመችም።
"ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ፕሮቲኗ እኔም ላይ ልትጎድል ትችላለች እኮ።"
"እንግዲያው ማወቅ አልፈልግም።"
የእኔን ደም! ከእንግዲህ አላናግራትም።

ጥቅምት 15
ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። የላቦራቶሪው ሰውዬ "ጎረምሳው፣ ወላጅ ይፈርም" አለኝ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ከኋላዬ አንድ እጅ እስክሪብቶውን ተቀበለው። እማ። ተከትላኝ ነው የመጣችው። ፈረመች። ዞሬም አላየኋት።

ጥቅምት 28
እኔም የለኝም። ከእነዚያ ከመጨረሻዎቹ ፕሮቲኖች አንዷ።
ክትባት ተወጋሁ። ዶክተሯ "ክትባቱ ሁሉንም አይከላከልም። ካተኮሰህ ደቂቃ እንዳታባክን" አለች። ታክሲ ውስጥ እማ ማስቲካ ዘረጋችልኝ። ማስቲካ! ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ኅዳር 6
ከሰዓት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርድ ብርድ አለኝ። ሙቀቴ 38.4። አንገቴስ? እንጃ... ጉንፋን ነው፣ ልተኛ አልኩ።
ጉንፋን ነው፣ ልተኛ። ከእኔው አፍ ወጣ። የእማ ቃል።
ደወልኩ። "እማ" አልኩ። ከተኳረፍን ወዲህ መጀመሪያዬ።
"አተኮሰህ?"
"አዎ።"
"ጫማህን አድርግ። መጣሁ።"
ጫማዬን አድርጌ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ኮቴዋ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። እየሮጠች ነው።