እንዳንቺ ነው የሳልነው

ጥቅምት 6

ዛሬ ድመት። እኔ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር፣ እነሱ ወረቀታቸው ላይ አንድ መስመር። ክብ፣ ሁለት ጆሮ፣ ጢም። ሃያ ስምንት ልጅ፣ ሃያ ስምንት ድመት። ጉንጮ የምላት ትንሿ ልጅ ለድመቷ አምስት እግር ሠርታላታለች። "አንዱ ቅያሪ ነው" አለችኝ። እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ጥቅምት 20

ዓሣ። ወረቀቱን ስሰበስብ የሁሉም መስመር ይንቀጠቀጣል። ያደሙብኝ መስሎኝ ቆጣ አልኩ። "ምን ሆናችሁ ነው ዛሬ?"

ጉንጮ ቀና ብላ አየችኝ። "እንዳንቺ ነው የሳልነው፣ ቲቸር።"

ዞር ብዬ ሰሌዳውን አየሁ... ጠመኔውን አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 21

ድካም ይሆናል።

ኅዳር 9

ሐኪሙ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። "ከመሀል ጀምሪና እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞርሽ ውጪ" አለ። ልክ እኔ ልጆቹን እንደማዘው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ሳስተምር ኖሬ... የሳልኩትን አይቶ ከፋይሌ ጋር አያያዘው።

"ይድናል?"

"መድኃኒቱ ያዘገየዋል።"

የጠየቅኩት ሌላ፣ የመለሰልኝ ሌላ። ለሴት ልጄ አልነገርኳትም። የመጨረሻ ዓመት ፈተናዋ ላይ ናት።

ኅዳር 24

ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ ቤት ሳልኩ። ጣሪያው ተንጋደደ። ከልጆቹ እናቶች አንዷ አቤት ብላለች መሰለኝ፣ ርዕሰ መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝ። አንድ ቀን ነው የተቀጠርነው። በሩን ዘጋችና፣ "እህቴ፣ እስከ መቼ ነው የምትደብቂኝ?" አለች። የግማሽ ዓመቱ ትምህርት እስኪያልቅ አቆየችኝ። ከዚያ ወደ መጻሕፍት ክፍል። አልፈርድባትም። አለቀሰች... አባባይዋ እኔ ሆንኩ።

ታኅሣሥ 12

ሰሌዳውን አልነካሁም። ተቀምጬ በአፌ ብቻ መራኋቸው። "ወፍራም ክብ... ከሥሩ አራት እግር... አሁን እስከ መሬት የሚደርስ አፍንጫ።" ዝሆን ነው አላልኳቸውም።

ሃያ ስምንቱም ለየቅል። አንዱ ኮፍያ አድርጓል፣ አንዱ ይሮጣል፣ የጉንጮ ዝሆን አርግዛለች። እስከ ዛሬ የሚስሉት የኔን ድመት ነበር ማለት ነው? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 25

ጨረስኩ። አዲሷ መምህርት ስትስል እጇ ውልፍት አይልም። ጉንጮ እስከ በሩ ተከተለችኝ።

"ነገ ምን እንስላለን?"

"አዲሷ ቲቸር ትነግራችኋለች።"

"አንቺስ?"

ፀጉሯን ዳበስ አድርጌ ወጣሁ።

ግንቦት 3

ይሄን የምትጽፈው ልጄ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አቃተኝ። የፊተኞቹን ገጾች እንዳታነብ አስምያታለሁ። መጻሕፍት ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ደህና ነው።

ዛሬ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ እሷ ቆለፈችልኝ። አምስቱንም። "እማ፣ ይሄንንም ልጻፈው?" አለች። ጻፊው አልኳት። ማልቀስሽንም ጻፊ።

አላለቀስኩም ትላለች። ይሄንንም ጻፊው።