የጠፈር በረኛ

ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.
ሸዋ በር ወርጄ ወረቀት ገዛሁ። ስመለስ ጎረቤቴ እልፍነሽ ያዘችኝ። የማን ልጅ ለማን እንደታጨች ነግራኝ ስታበቃ፣ አንተ ጨረቃ ላይ ልትወጣ ነው አሉ፣ አለችኝ። እኔ አይደለሁም፣ በልብ ወለድ ታሪኬ የጻፍኳት የብረት መርከብ ናት... ሦስት ዓመት ለፋሁባት። የሐረርን ወሬ ስልክለት የሚያትመው ያዲስ አበባ ጋዜጣ፣ ይህችንስ ያትምልኝ ይሆን? ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

ጥቅምት ፮
እልፍነሽ ለየኔታ ተክለጻድቅ ነግራቸዋለች። ምላሷ መች ያርፋል።
ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። በወሩ መጨረሻ አገራቸው መንዝ ሊገቡ ነው... እዚያ ለመቀበር። መጥተህ አንብብልኝ ብለው ላኩብኝ። እርም ካሉ አቃጥላታለሁ። ቃላቸውን ጥሼ እንዴት አሳትማለሁ?
የተማርኩበት የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትዝ አለኝ። ከሰማዩ ጣሪያ፣ ከጠፈር በላይ ሐኖስ የሚባል ውሃ አለ ብለው ሲያስተምሩን፣ ታዲያ ለምን አያፈስም? ብዬ ጠየቅኩ። ቆነጠጡኝ። ኋላ ጠርተው ቆሎ ሰጡኝ።

ጥቅምት ፯
ከጨረቃ ሆነው ቢያዩን፣ የከተማችን ግንብ የጣት ቀለበት ያህል ይሆን?

ጥቅምት ፱
አነበብኩላቸው። መርከቧ ጠፈሩን በስታ የምትወጣበት ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።
«በስታ ወጣች። ቀዳዳውን ማን ደፈነው?»
ገጹን መልሼ አገላበጥኩ።
«ውሃው ወርዶ እኛ ስንሰጥም፣ አንተ ጨረቃ ላይ ተቀምጠህ ታየናለህ?»
ላቃጥላት? አልኳቸው። ሞኝ አሉኝ። አስተካክላት እንጂ።

ጥቅምት ፲፪
ኤረር በርን ሳልፍ መጣልኝ። ጠፈር ለምን ይበሳል? በር ይኑረዋ። ልጅ ሆነን የከተማው በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ከውጭ የቀረ እዚያው ያድራል፣ በረኛው ላባቱም አይከፍት።
እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። በረኛው ማን ነው? አሉ። አላሰብኩበትም።
እጃቸውን ዘርግተው...
«እኔን አድርገኝ። ቁልፍ ለመያዝ ዓይን ምን ያደርጋል?»

ጥቅምት ፳፱
የኔታ ሄዱ። እስከ ድሬዳዋ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በባቡር። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሳታንኳኳ እንዳትገባ አሉኝ። ሳቅን... ሳቅን እንጂ ሌላ ምን እናድርግ።

ጥር ፲፯
ሁለት ደብዳቤ ባንድ ቀን። የኔታ በታኅሣሥ አርፈዋል።
ሁለተኛው፣ የኔታን በረኛ አድርጌ ታሪኩን ከላክኩለት ጋዜጣ ነው። መርከቧን ወደዋታል፣ ያትሟታል። በረኛው ብቻ ይውጣ፣ ታሪኩን ያረዝመዋል፣ የዓይነ ስውር ሽማግሌ ነገር ለአንባቢ አይጥምም ይላሉ።
ቀኑን ሙሉ ብዕር ሳነሳ ሳስቀምጥ ዋልኩ። በመጨረሻ፣ ይቅርብኝ፣ ወረቀቴን መልሱልኝ ብዬ ጻፍኩ።
አልከፋኝም? ከፋኝ እንጂ። የኔታን ግን ከሥራቸው አላስወጣም።