የጸሎት ርዕስ ሆንኩ

ሰኞ፣ ሜይ 2፣ 2016

ቦርሳው አሁንም ከበደ። ከሮም ወደ ሊዝበን የምመለስበት ርካሽ አየር መንገድ ከወንበር ሥር የምትገባ አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሁለተኛውን ጂንስ አወጣሁ። ፀጉር ማድረቂያውን አወጣሁ። ዣንጥላውን አወጣሁና መልሼ ከተትኩ። ሊዝበን፣ ሴቪያ፣ ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ሮም። በአውቶቡስና በባቡር፤ ስድስት ሴት አንድ ክፍል በሚያድርበት ሆስቴል። ብቻዬን።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ስኮትዴል ከእማዬ ጋር እኖራለሁ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ቢሮ እሠራለሁ፣ እሁድ ኳየር ላይ እዘምራለሁ። አንድም ቀን ሬስቶራንት ገብቼ ብቻዬን በልቼ አላውቅም። መኪና ውስጥ የበላሁት ካልተቆጠረ።

የሚያውቅ ሰው ፌቨን ብቻ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ፣ ሳላስነጥስ ይማርሽ የምትለኝ። ሆስቴሎቹን አብረን መረጥን። የባርሴሎናውን ያገኘችው እሷ ናት። ሙሉ መንገዱን፣ ከነቀኑ ከነማደሪያው፣ ላኩላት፤ አንድ ነገር ብሆን የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ። ለእማዬ እሁድ ከቤ/ክ መልስ እነግራታለሁ። በራሴ አፍ፣ ምሳ ጋብዤ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል ፌ.ን ቃል አስገብቻታለሁ።

ዓርብ፣ ሜይ 6፤ የምሳ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ደብተሬ፣ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ጠዋት ከእትዬ አስቴር መልእክት። የእህቶች ኅብረት መሪ ናቸው። በጸሎት ይዘንሻል፣ ጌታ ልብሽን ያሳርፈው ይላል። ልቤ ምን ሆነ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ከሌላ ሰው። ከዚያ ከሌላ። አንዷን ደውዬ አፋጠጥኳት፤ እየፈራች ነገረችኝ።

የስልክ ጸሎት ነው። ቁጥሩ ላይ ትደውያለሽ፣ ኮድ ታስገቢያለሽ፣ ድምፅሽን ትዘጊያለሽ። አንዱ መዝጋት ይረሳና የእሱን ሻወር እየሰማን እንጸልያለን። በየጠዋቱ ግማሹ ቤ/ክ እዚያ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የምትመራው ፌ. ናት። ትናንት ርዕስ አቀረበች። አንዲት እህት አለች፣ ብቻዋን አውሮፓ ልትዞርና ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ልታድር አስባለች፣ ጌታ ልቧን እንዲመልስ እንጸልይ። ሁሉም አሜን። ኤርፖርት ለምትሠራው እናቷም ጸጋ እንዲበዛላት።

ስም አልጠራችም አሉ። ምን ቀራት?

እማዬ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ወደ ሥራ ስትሄድ ባቡር ላይ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ያ ጸሎት ነው። ከትናንት ጀምሮ ዝም ያለችው ደክሟት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሜይ 7

እማዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ትናንት ስገባ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

የነገረችኝ ይህን ነው። ስለዚያች ልጅ ሲጸለይ አዝናለች። የማን ልጅ ትሆን፣ እናቷስ እንዴት ትችለው ይሆን ብላለች። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ዞሮ እስኪያያት ድረስ ጮክ ብላ አሜን ብላለች። ኤርፖርት የሚለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«በገዛ ልጄ ላይ አሜን ብዬ ሥራ ገባሁ» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ። ለፌቨን የሚነገር ለእሷ የማይነገረው ምን ብታደርገኝ ነው? እሁድ ልነግርሽ ነበር አልኳት። እውነቴን ነው። ግን ሰው ከሰማ በኋላ የሚነገር እውነት ሰበብ ይመስላል። ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳላመነችኝ አየሁ። ዋሽቻት በማላውቃት እናቴ ፊት ውሸታም ሆኜ ቆምኩ። ይሄን ለፌ. አልረሳላትም።

እሁድ፣ ሜይ 8

ኳየር ላይ ፌ. እንደወትሮው ከጎኔ ቆመች። የእኔ ድምፅ አልወጣ አለ። የእሷ ያምራል። እሱም አናደደኝ።

ፓርኪንጉ ላይ ያዝኳት።

«ስምሽን አልጠራሁም እኮ፣ ማሂ።»

«አዎ፣ የቀረሽ የመኪናዬ ታርጋ ነው።»

«ላይክ፣ ሸክም ሆነብኝ። እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ነገር ብትሆኚ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ዩ ኖው? ለሰው አይደለም የነገርኩት፣ ለጌታ ነው።»

«ለጌታ ለመንገር ኮንፈረንስ ኮል ምን ያደርጋል?»

አለቀሰች። ስትጨነቅ ትንሿን ጣቷን ትነክሳለች፤ እየነከሰች ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱ እውነት ነው። ግን ስልኬን ታውቀዋለች። ፈራሁልሽ፣ አትሂጂ ብትለኝ ተጣልተን በሳምንቱ እንታረቅ ነበር። እኔን ትታ ያን ሁሉ ሰው ጠራች። ይቅርታ አላለችም። እንጸልይ አለችኝ። መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 11

ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት የቤ/ክ ሽማግሌው ጋሽ ታምራት ከባለቤታቸው ጋር ቤት መጡ። እንደማልቀር ነገርኳቸው፣ በትሕትና።

«እንግዲያው ልጄ፣ መሄድሽ ካልቀረ በወገን ቤት እደሪ።»

«እርስዎ እንዳሉ ጋሼ፣ ግን ማደሪያ ይዣለሁ።»

አልሰሙኝም። ሮም የእትዬ አስቴር እህት አለች። ማርሴይ የሆነ ሰው የአጎት ልጅ። ዛሬ ደግሞ ዕቃ መምጣት ጀመረ። ሁለት ከረጢት በርበሬ፣ የሕፃን ጫማ፣ ቫይታሚን፣ የሰርግ ፎቶ ከነፍሬሙ። ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም ይሉኛል ሁሉም። ሰባት ቀን ሙሉ ልቤን እንዲመልስ ሲለምኑ የከረሙ ሰዎች ናቸው። እማዬ እያመሰገነች ትቀበላለች፤ ከእኔ ጋር ግን ገና በቅጡ አላወራችም። ፍሬሙን ከቦርሳው ጋር ለካሁት። ቦርሳውን ይበልጠዋል። ሳቅኩ፣ እሷም ሳታስበው ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 14

ከማላውቀው የጀርመን ቁጥር መልእክት መጣ። ዳንኤል ይባላል። ፍራንክፈርት ነው፣ ኢንጂነር ነው፣ ጌታን ይወዳል። ባርሴሎና በምደርስበት ቀን ፈቃድ ወስዷል። አውቶቡስ ጣቢያ ይጠብቀኛል፤ ብቻዬን እንዳልሆን እስከ ሮም አብሮኝ ይሄዳል። እኔ የያዝኩት ሆስቴል እሱም ይዟል። የሆስቴሉን ስም ጽፎታል።

እማዬን ጠየቅኳት። የከተሞቹን ተራ እንኳ አታውቅም። ፌ.ን ቴክስት አደረግኳት። ወዲያው መለሰች፣ ደስ ብሏት። እህቱ ኅብረታችን ውስጥ ናት፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ አላገባም። መንገድሽን ፎርዋርድ አደረግኩለት አለችኝ። ጸሎታችን ተመለሰ። ሰርፕራይዝ ሊሆን ነበር፣ እሱ ቸኮለ።

እስቲ አንቺ ፍረጂኝ። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ልታድር ነው ብላ ያስጸለየችብኝ እሷ ናት። የምተኛበትን ቤት ለማላውቀው ወንድ የሰጠችውም እሷ ናት። አደጋ ቢደርስብኝ እንድትፈልገኝ የሰጠኋትን ነው ያስተላለፈችው። ንዴት አይደለም ይሄ። ሰው ከኋላዬ ቆሞ በእኔ የተዋዋለ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሰኞ፣ ሜይ 16

ለዳንኤል በጨዋ ቋንቋ እንዳይመጣ ጻፍኩለት። ደንግጦ መለሰ። እኔ ጠይቄ መስሎት ነበር፤ ጓደኛ ትፈልጋለች፣ ልትጠይቅህ አፍራ ነው ተብሏል። ይቅርታ ጠየቀኝ። እስካሁን ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ ያላጠፋው።

ስለዚህ ሸክም ብቻ አልነበረም። ውሸትም አለበት።

ሆስቴሎቹን በሙሉ ካንስል አደረግኩ። ሌላ መንገድ አወጣሁ፣ ለማንም አልላክሁም። የሰዉን ዕቃ ሰብስቤ ፌ. በር ላይ ደረደርኩት። አድራሽ መፈለግ ትችልበታለች። ስመለስ እማዬ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። የዳንኤልን መልእክት አንብቤ አሰማኋት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

«ያቺ ልጅ ቤቴ ስትበላ ነው ያደገችው» አለች።

ሐሙስ፣ ሜይ 19፤ ኤርፖርት፣ በሩ ፊት

እማዬ ሥራ ላይ ናት። ባዶ ዊልቸር እየገፋች እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስንት ዓመት ሰው ስትሸኝ፣ የራሷን ሰው ስትሸኝ የመጀመሪያዋ ነው። የመጀመሪያ ማደሪያዬን ልነግራት ስጀምር እጇን አነሣች።

«አትንገሪኝ። ይጠይቁኛል፤ አላውቅም ስላቸው እውነቴን ይሁን።»

ከዚያ ዩኒፎርሟን እያስተካከለች፣ ስደርስ ለእሷ አስቀድሜ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጠየቀችኝ ነው የምልሽ፣ አላዘዘችኝም። እንባዬ መጣ። የሚገፋ ሰው መጣላትና ሄደች።

አሁን ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ በዚህ ሙቀት ሦስት ጃኬት ደርቦ ያልበዋል። የሻንጣ ክብደት ለማምለጥ መሆኑ ገባኝ። አራተኛውን ሊደርብ ሲታገል እጁ እጅጌው ውስጥ ተቀረቀረበት። እየሳቅኩ ፎቶ አነሣሁት። ፌቩ እዪው ብዬ ጽፌ ልልክ ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር።

አጠፋሁት።

እዚያ ሄጄ የማየውን ሁሉ ማታ ማታ የምነግረው ለእሷ ነበር። እስከዛሬ ብቻዬን እሄዳለሁ ስል እሷን ሳልቆጥር ነው። እሷ አብራኝ ነበረች፤ እንደሌለች አስቤ አላውቅም። የወሰደችብኝ ይሄን ነው፤ መንገዱንማ ሌላ አወጣሁ።

ብሎክ አደረግኳት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ቦርሳዬን ላንሣ።