ለኤሊዋ ሳጥን ከሰል አይሆንም

አሰገደች፣

አልገባኝም እንዳትዪ በአማርኛ ጽፌልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ሲኞራ አደራ ብላን የሄደችውን ኤሊ ማደሪያ ስከፍት ጭሱና ግማቱ ፊቴን መታኝ። ዋይ ኣነ! ፍም የሞላ የከሰል ፈርኔሎ እዚያች ሳጥን ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት ምን የሚሉት ነው? ሙቀቱ እንዳይወጣ ብለሽ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወትፈሽዋል። ያውም ፊቴን በማብስበት ፎጣ! ኩስና ጥቀርሻ ጠጥቶ አገኘሁት፤ በጣቴ ጫፍ ይዤ ጣልኩት።

ስጠይቅሽ «ብርድ ነው፣ አሳዘነችኝ» አልሽ።

አልሞተችም። ወጥ ቤት ቅርጫት ውስጥ ናት፣ አንገቷን ማውጣት ጀምራለች። እስኪመሽ አትንኪያት።

ከእንግዲህ ከሰል የለም። ፋኑስም አልፈልግም፣ ላምባው ሰላጣዋን ያገማዋል። አምፖል ደግሞ እንቅልፍ ይነሳታል። ሆዴን ሲያመኝ የማቅፈውን ቀዩን የሙቅ ውሃ ላስቲክ አልጋሽ ላይ ትቼልሻለሁ። ማታ ውሃ አሙቀሽ ሙዪውና በጆንያ ጠቅልለሽ አስቀምጪላት። ከጎኗ እንጂ ከላይዋ አይደለም! ላስቲኩን ሳታጥቢ ግን እንዳትመልሺልኝ።

እኔ ከረን ሄጃለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ጠዋት ስለ አገርሽ ሰው የተናገርኩት...

ተይው።

ፈርኔሎውን ደጅ ደፍቼዋለሁ። ብርዱ ቢብስብሽም ወደ ክፍልሽ እንዳታስገቢው። አንቺም በር ዘግተሽ ነው የምትተኚው።

አምለሰት