ጊደሯ በዛፎችህ መካከል

ተገኜ፣ የልጅነት ባሌ፤

አንተን ወደ መቃብር ከሸኘን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አንዳንዴ ያምፅብኛል፤ ከፋሲካ በኋላ ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውኃው ውስጥ ተዘፍዝፌ ስመለስ ግን ቀለል አለኝ። ልጃችን ጎንደር እንደ ተቀጠረች ናት፤ በየበዓሉ ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቤቱን እንደ ዳኛ ትመረምረዋለች። አንተ «ሣር ነው» ብለህ የናቅኸው ሩዝ ዛሬ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ሁሉ ይዞታል። እኔም መቀቀሉን ተምሬያለሁ። ሣር አይደለም፤ ነገር ግን ትወደው ነበር ብዬ አልዋሽህም።

በሬህ ቡሬ አርጅቷል። የገበሬ ማኅበሩ ከሥራ አውጥቶ ሣር ላይ ለቆታል፤ ስሙን ስጠራው ግን ዛሬም ጆሮውን ያዞራል። ቀንበርህ ከግድግዳው ላይ ነው። ማንም እንዲነካው አልፈቅድም ነበር፤ ዘንድሮ ግን እኔው ራሴ አነሣሁት። የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

ማኅበራችን ትራክተር ተፈቀደለት። ከአውራጃው ሁለት መጡልን፤ ሁለቱንም ሞክረን አንዱን እንድናስቀር፣ ሌላውን እንድንመልስ። አንዱ ትልቅ ነው፤ የኋላ ጎማው ከቁመቴ ይበልጣል። ሌላው መካከለኛ ነው፤ ወገቡ ጠበብ፣ አፍንጫው አጠር ያለ። ሊቀመንበሩ የእህትህ ልጅ አያሌው ነው። ገና ሲያያቸው ልቡ ከትልቁ ጋር ሄደ። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ፣ «የሐሙሲት ማኅበርተኞች ትልቁን ወስደው እኛ በጊደር ልናርስ ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመካከለኛው ስም ጊደሯ ሆኖ ቀረ። መጣች፣ ሄደች፣ ተነሣች ይሏታል። ትራክተሩ እንጂ ትራክተሯ አይባልም ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

ታውቀኛለህ። አባቴ መሪጌታው ከተማሪዎቹ ኋላ አስቀምጦ ግስ ሲያስተምረኝ፣ ወንዱን በሴት አንቀጽ አስሮ እሱን እሷ ላለ አርጩሜ ነበረው፤ ሴት ልጄ ናት ብሎ አልማረኝም። አንተ ደግሞ ዕድሜ ልክህን አስቸገርኸኝ። መጥረቢያህ እሷ፣ ቡሬ እሷ፣ ጣናም እሷ። አንድ ጊዜ ወደ ወንዛዬ ስንወርድ ቡሬን እያሞገስህ «እሷ እኮ ብልህ ናት» ብትል፣ «በሬ ወንድ ነው» ብዬ መንገድ ላይ አቆምሁህ። አንተም፣ የወደዱት ነገር ሁሉ ሴት ነው፣ ይህን መሪጌታ አላስተማሩሽም ወይ ብለህ ቀድመኸኝ ሄድህ። እስከ ፍል ውኃው ድረስ ተናድጄ ነበር።

ጉዳዩ ግን የሰዋስው ብቻ አልነበረም። የተከልኸው የባሕር ዛፍ ደን ከመሬት አዋጁ ወዲህ የማኅበሩ እንደሆነ ታውቃለህ። ግንድ ማውጣቱ ከበሬ ወደ ትራክተር ሊዛወር ነው፤ ትልቁ ደግሞ በዛፎቹ መካከል መግባት አይችልም። ስለዚህ ትልቁ ከተመረጠ አንዱ መስመር እየተዘለለ አንዱ ይቆረጥ ተባለ። ይህን ያሰበው ከአዲስ አበባ የመጣው የእርሻ ባለሙያ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እማማ ይለኛል፤ ሲያስረዳኝም ቀስ ብሎ ነው። እኔ ግን የሰማሁት የደንህ እኩሌታ እንደሚወድቅ ብቻ ነው።

የተከልንበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። ሌላው ሰው ባሕር ዛፍን እንደ ጤፍ አጠጋግቶ ሲተክል፣ አንተ ቀንበርህን መሬት ላይ እያጋደምህ፣ ከቀንበሩ ወዲያ ደግሞ የሰው መሄጃ እየጨመርህ ለካህ። ገመዱን የያዝሁ እኔ ነበርሁ፤ መስመሩ ሲጣመም አስነቅልህ የነበርሁም እኔው ነኝ። ጎረቤታችን ደምሌ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ «ተገኜ፣ በመካከሉ ሰርገኛ ልታሳልፍ ነው?» እያለ አሾፈብህ። ሁለት በሬ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ግንድ ነው የማሳልፍ አልኸው። ደምሌ ለብዙ ዓመታት ሰርግ በመጣ ቁጥር መንገዱ በተገኜ ደን ነው እያለ ሲያስቅብህ ኖረ።

እኔን በሴቶች ማኅበር በኩል ከመራጮቹ አስገብተውኝ ነበር። ተራዬ ሲደርስ አስቀድሜ፣ ዛፉን የተከለው ባሌ ነው፤ ስለዚህ ቃሌን ቀንሳችሁ መዝኑት አልኋቸው። እንዲህ ባልል ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ የምመርጠው ለማኅበሩ ይሁን ላንተ እኔም በደንብ አላወቅሁትምና። ከዚያ አንተ በሬ ስትገዛ የምትለውን ነገርኋቸው። «በሬ ሲጎትት ማንም ያየዋል፤ አንተ ሲዞር እየው።» ገበያ ላይ አንገቱን ያሳበጠውን ሁሉ ትተህ፣ ባለቤቱን አንዴ ጠምደህ ከማሳው ጫፍ ላይ አዙርልኝ ትለው ነበር። እነዚህንም ሲዞሩ እንያቸው አልሁ። ባለሙያው ሳቀ፤ ግን ይህማ ትክክል ነው ብሎ ደገፈኝ።

እውነቱን መጻፍ አለብኝ፤ ትልቁ ሜዳው ላይ ጌታ ነው። ጥቁሩን ዋልካ አፈር እንደ ቂጣ ገለበጠው። አያሌው ደስ ብሎት ከኋላው ሮጠ። ማሳው ጫፍ ሲደርስ ግን ለመዞር የጎረቤቱን ወሰን ረግጦ ወጣ፤ ሲመለስም በዶማ ካልሆነ የማይታረስ ሰፊ ጥግ ጥሎ መጣ። መካከለኛው ዘገየ። ዘገየ ስልህ፣ ትልቁ ጨርሶ ሹፌሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ቡሬ ባለበት ተጠማዘዘ። አያሌው፣ የምንገዛው ለማረስ እንጂ ለመዞር ነው ወይ አለ። እኔም፣ እርሻው ወቅት አለው፤ ነዶው፣ የውኃው በርሜል፣ ለቤት መሥሪያ የሚቆረጠው አውራጅና ማገር ግን ዓመቱን ሙሉ መጓጓዣ ይፈልጋሉ፤ ከእርሻ በኋላ ትልቁን ምን ልታሠራው ነው አልሁት። እሱ ግን አልተቀበለኝም።

ወደ ደኑ ስንወጣ ቀንበርህን ከግድግዳ አውርጄ ተሸከምሁ። የመካከለኛው ሹፌር አይቶኝ፣ «እማማ፣ እኔን ሊጠምዱኝ ነው እንዴ?» አለ። ቀጥ ብለህ ካልነዳህ እጠምድሃለሁ አልሁት። ቀንበሩን በሁለት ዛፎች መካከል አጋደምሁና አንተ የለካኸውን አሳየኋቸው። ትልቁ ከደኑ አፍ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ እጁን ዘረጋና ወዲህና ወዲያ አየ፤ ሳይሞክር ወደ ኋላ መለሰው።

ቀጥሎ መካከለኛው ግንድ በሰንሰለት ታሰረለትና ገባ። እኔም አንተ በሬ እየነዳህ በምትሄድበት በኩል አብሬው ገባሁ። ዓይኔ ከልጡ ላይ አልተነሣም። አንድ ዛፍ ቢላጥ አያሌው ሁሉም ይቆረጥ ይል ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር። ጎማው በዛፉና በእኔ መካከል ረጋ ብሎ እየዞረ አለፈ፤ ቀሚሴን እንኳ አልነካም። ከላይ ካለው ገላጣ ስፍራ ደርሶ ዞረ፤ ግንዱን እየጎተተ በሌላኛው መስመር ተመልሶ ወረደ። የተላጠ ዛፍ አልነበረም። ሁሉንም በእጄ ዳስሻለሁ።

ደምሌ ከታች በዱላው ተደግፎ ቆሞ ነበር። አርጅቷል፤ አንድ ዓይኑ አያይለትም። መስመሩን ሽቅብ ቁልቁል አየና፣ «ተገኜ ይችን የት አይቷት ነው የለካላት?» አለ። የሳቀ ሰው የለም። አያሌው ኮፍያውን አወለቀ፤ እጅ ይውጣ ሲባልም መጀመሪያ ያወጣው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ደምሌ ይችን ሲል አላረምሁትም።

ትልቁ ተመለሰ። እርሻው ይዘገያል፤ ይህን ደብቄ አላውቅም፤ የሐሙሲቶቹም ይሳቁብን። ዛፎችህ ግን ቆመዋል። ለሥራ የሚቆረጠው ሲቆረጥ በቦታው አዲስ አስተክላለሁ፤ ርቀቱን የምለካውም በቀንበርህ ነው። አቅሜ ሲያልቅ ቀንበሩን ለአያሌው እሰጠዋለሁ፤ ማን እንደ ጠረበው፣ ምን ለማሳለፍ እንደ ለካበት ሳይነግር ለማንም እንዳያውሰው አስምዬ ነው። እስከዚያ ግን ከግድግዳው ላይ ነው፤ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ አንተንም አብሬ።

ዛሬ ጠዋት ጊደሯ ግንድ ይዛ በደጃችን አለፈች፤ ከጫፉ ላይ ስትዞር ቆሜ አየኋት። እሷ እኮ ብልህ ናት። የጻፍሁትን መልሼ አነበብሁት፤ አላርመውም።

ባለቤትህ
የሻረግ