እትዬ ቅጠል፦ ከሆስፒታል አንሶላ እስከ እናታቸው ቀሚስ

እህታችን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ ነበር። ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ፌስታል ይዘው ይወጣሉ። የወደቀ ቅጠል እየመረጡ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ይሄዱና ይመለሳሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ «እትዬ ቅጠል፣ ዛሬም ለፍየል ነው?» ይላቸዋል። «ፍየልማ በልታ ዝም ትላለች፤ አንተን ነው ማጥገብ ያቃተን» ብለው ያልፋሉ። ስሙን ያወጣላቸው እሱ ነው፤ ሰፈሩም በዚያው ጠራቸው።

እትዬ ቅጠል በ1945 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ስለሞቱ ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጠው የአንድ ዓመት እህታቸውን አሳደጉ። እናታቸው ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም ነበር። የቀረው አንድ ቀሚስ ብቻ ነው፤ እሱንም በሣጥን አስቀመጡት።

በ1963 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ ክፍል ተቀጥረው ለሠላሳ ሰባት ዓመት የማዋለጃ ክፍሉን አንሶላ ሰፍተዋል፣ ጠግነዋል። ታናሽ እህታቸው ዩኒቨርሲቲ የገባችው በዚያ መርፌ ነው። በ1967 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጃቸው በሰባት ወሯ አረፈች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ የሚጠግኑትም የወላዶችን አንሶላ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ለማንም አላወሩም። ባለቤታቸው በ1994 ዓ.ም. አረፉ።

የጥበብ ሥራ የጀመሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅጠል በጨርቅ ላይ ከማተም አላለፉም፤ «ይኼማ ሥዕል አይደለም፣ ቅጠሉ ራሱ የሠራው ነው» ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ አዲስ ጨርቅ ትተው ሴቶች የለበሱትን መጠየቅ ጀመሩ፤ ያረገዘችበትን፣ ያጠባችበትን፣ ሐዘን የተቀመጠችበትን። ጨርቁን ኮምጣጤና የዛገ ምስማር ባለበት ውኃ ይነክራሉ። ቅጠል ደርድረውበት፣ በብረት ቱቦ ላይ ጠቅልለው፣ በገመድ አሥረው ይቀቅሉታል። ሲፈታ የቅጠሉ ጅማት በልብሱ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ የዛፍ ልጥ፣ ሽቦ፣ የፍሬ ቅርፊትና የባለቤቲቱን ጸጉር እየሰፉ መልኳንና ቁመናዋን ያወጡበታል። የአንዲት ጎረቤታቸውን የማጥቢያ ልብስ ሲጨርሱ ሴትዮዋ አይታ፣ «ይህን ያህል ደክሜ ነበር እንዴ?» አለች። ሌላ አስተያየት አልጠበቁም። በዚህ መልክ የሠሯቸው አሥራ አንድ ልብሶች በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለሕዝብ ታይተዋል።

አሥራ ሁለተኛው የእናታቸው ቀሚስ እንዲሆን አሰቡ። ታናሽ እህታቸው የእናቷን መልክ አታውቅም። ባለቤቷ ከሞተ በኋላ ከእሳቸው ጋር መኖር ስትጀምር፣ «ፎቶ ባይኖር በእጄ አሳይሻለሁ» ብለው ቃል ገቡላት። ሃምሳ ስምንት ዓመት በሣጥን የቆየውን ቀሚስ በ2014 ዓ.ም. አውጥተው በዝገቱ ውኃ ነከሩት፤ ሳፋውንም በልብስ ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጡት።

ታናሽ እህታቸው የቆሸሸ ልብስ መስሏት በበረኪና አጠበችው። ያረጀው ጨርቅ በእጇ ላይ ተበጣጠሰ። የተረፈው የአንገቱ ዙሪያ ክሳድና አንድ እጅጌ ነው። እትዬ ቅጠል ገመዱ ላይ የተሰጣውን ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ፣ «ንጽሕናሽ የእሷ ነው። እሷም ቢሆን አይታ አታልፈውም ነበር» አሉ። ታናሽ እህታቸው ስለ እናቷ ጠባይ የሰማችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ይህን የሕይወት ታሪክም የጻፈችው እሷ ናት።

ከተረፈው ክሳድ እንደገና ጀመሩ። በዚያው ዓመት የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ቀኝ ክንዳቸው ግን አብጦ መርፌ መያዝ ተሳናቸው። በግራ እጃቸው ሞከሩ። ስፌቱ አላምር ሲላቸው ራሳቸው ይፈቱታል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እህታቸው እንድትሰፋ እሳቸው የእናታቸውን መልክ እየነገሯት ይሠሩ ነበር፤ አንገቷ ቀጭን ነው፣ ትከሻዋ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፣ እዚህ ጋ አጥብቂው። ወደ ፊቷ ሳይደርሱ መናገር ከበዳቸው። መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በ71 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ታናሽ እህታቸውን፣ ሁለት የእህት ልጆቻቸውንና ልብሳቸውን አምነው የሰጧቸውን አሥራ አንድ ሴቶች ትተው ሄደዋል። ለደከመው እጃቸው ፈጣሪ ዕረፍት ይስጥልን፤ ነፍሳቸውን በሰባት ወሯ ከቀደመቻቸው ልጃቸውና ከእናታቸው ጋር ያገናኝልን።

እናታችንን በዓይኑ ያየ ሰው አሁን የለም።